የቆመ የኑክሌር ሪአክተርን ሪአክቲቪቲ የማስላት ዘዴዎች፦ የማነጻጸሪያ ዝርዝር መመሪያ

የቆመ ሪአክተር ከክሪቲካል ደረጃ፣ ማለትም ሰንሰለታዊ ክፍፍሉ ራሱን በራሱ ከሚደግፍበት ነጥብ፣ ምን ያህል እንደራቀ በቀጥታ የሚያነብ መሣሪያ የለም። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚታየው በሴኮንድ የተቆጠሩ ኒውትሮኖች ብዛት ብቻ ነው፤ ከዚያ ቁጥር ተነሥቶ ያ ርቀት የሚገለጽበት መጠን፣ ሪአክቲቪቲ፣ ላይ ለመድረስ በመካከሉ አንድ ሞዴልና በርካታ ግምቶች ይገባሉ። ሁለት ዘዴዎች የተለያየ መልስ ሲሰጡ የልዩነቱ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ሪአክተሩ ሳይሆን እነዚህ ግምቶች ናቸው። ስለዚህ ይህ መመሪያ አንዱን ዘዴ አሸናፊ አድርጎ ለመምረጥ አይቸኩልም፤ እያንዳንዱ ዘዴ በእርግጥ የሚለካው ምን እንደሆነ ይለያል፣ ውጤቶቹን ወደ አንድ ሁኔታና ወደ አንድ መለኪያ ያመጣል፣ የሚቀረው ልዩነት እንዴት እንደሚነበብም ያሳያል። አንባቢው የሰንሰለታዊ ክፍፍልን መሠረተ ሐሳብ እንደሚያውቅ ታሳቢ ተደርጓል።

ደረጃ 1፦ የሪአክተሩን ሁኔታ በጽሑፍ ይወስኑ

በመጀመሪያ ሪአክቲቪቲው የሚሰላበትን ሁኔታ በአንድ ገጽ ላይ ያስፍሩ፦ የማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀት፣ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ቦሮን መጠን፣ የእያንዳንዱን መቆጣጠሪያ ዘንግ አቀማመጥ፣ ነዳጁ እስካሁን የሰጠውን ኃይል፣ እንዲሁም ሪአክተሩ ከቆመ በኋላ ያለፈውን ጊዜ። ከነዚህ ሁሉ በተደጋጋሚ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። አዮዲን-135 በ6.6 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ኒውትሮን በብርቱ ወደሚውጠው ዜኖን-135 ይለወጣል፤ የዜኖኑ ግማሽ ዕድሜ ደግሞ 9.1 ሰዓት ነው። በሙሉ ኃይል ሲሠራ የቆየ ሪአክተር ሲቆም ዜኖኑ ለተወሰኑ ሰዓታት እየጨመረ ሄዶ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ መቀነስ ይጀምራል፣ ከ3 ቀናት ያህል በኋላም አብዛኛው ይጠፋል። በግፊት ውሃ ሪአክተር ውስጥ ዜኖን ብቻውን ሪአክቲቪቲን ከ2000 ፒሲኤም በላይ ይቀንሳል (1 ፒሲኤም የመቶ ሺህ አንድ ክፍል ነው)። በመሆኑም ከቆመ በ10ኛው ሰዓት የተወሰደን ልኬት ዜኖን የለም ተብሎ ከተሠራ ስሌት ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ገና ከጅምሩ የማይገናኙ ነገሮችን ማነጻጸር ይሆናል። ሌላው ኒውትሮን ዋጭ ሳማሪየም-149 ግን የረጋ ስለሆነ አይጠፋም፤ እንዲያውም የ53 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ካለው ፕሮሜቲየም-149 መፈጠሩን ስለሚቀጥል ሪአክተሩ ከቆመ በኋላ መጠኑ ይጨምራል።

ደረጃ 2፦ መለኪያውን አንድ ያድርጉ

ሪአክቲቪቲ የሚገኘው ከማባዛት መጠኑ (የአንድ ትውልድ ኒውትሮኖች ብዛት ለቀደመው ትውልድ ብዛት ተካፍሎ)፣ በተለምዶ ኬ ከሚባለው፣ 1 ተቀንሶ ልዩነቱ መልሶ ለኬ ሲካፈል ነው። ኬ 0.95 ከሆነ ሪአክቲቪቲው −5263 ፒሲኤም እንጂ −5000 ፒሲኤም አይደለም፤ ኬ 0.90 ሲሆን ደግሞ −11111 ፒሲኤም ይደርሳል። ለኬ ማካፈልን የረሳ ሰው ክሪቲካል አጠገብ ምንም ጉዳት አያይም፤ ሪአክተሩ በጥልቀት ሲቆም ግን ስህተቱ ከመለኪያው የስህተት ወሰን ይበልጣል። የሁለት ሁኔታዎችን ልዩነት ሲያሰሉም የኬዎቹን ልዩነት ለሁለቱ ኬዎች ብዜት ማካፈል ያስፈልጋል።

የስሌት ኮዶች ኬን ይሰጣሉ፤ አብዛኞቹ የልኬት ዘዴዎች ግን በተፈጥሯቸው ውጤታቸውን የሚሰጡት በዶላር ነው። 1 ዶላር ማለት አተሙ ከተሰነጠቀ በኋላ ዘግይተው ከሚወጡት ኒውትሮኖች ድርሻ ጋር እኩል የሆነ ሪአክቲቪቲ ነው። ይህ ድርሻ በቀርፋፋ ኒውትሮን ለሚሰነጠቅ ዩራኒየም-235 0.0065 ገደማ ሲሆን ለፕሉቶኒየም-239 0.0021 ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ነዳጁ እየተቃጠለ ፕሉቶኒየም ሲጠራቀም አንድ ዓይነት ፒሲኤም በዶላር ሲገለጽ ከፍ ይላል። ከዶላር ወደ ፒሲኤም የሚያሻግረው ይህ ቁጥር ራሱ የተሰላ እንጂ የተለካ ባለመሆኑ ከነስህተት ወሰኑ መመዝገብ አለበት። ከዚህ በታች ባሉት ምሳሌዎች ድርሻውን 0.0068፣ ሪአክቲቪቲውን −8 ዶላር አድርገን እንይዛለን፤ ይህም −5440 ፒሲኤም፣ ኬ ደግሞ 0.9484 ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ የሂሳብ ሚዛኑን ይሥሩ

በጣም ቀላሉ ዘዴ ሪአክተሩ በመጨረሻ ክሪቲካል ከነበረበት ቅጽበት ተነሥቶ ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ሁሉ መደመርና መቀነስ ነው። በምሳሌ እንየው። በጣም ኃይለኛው ዘንግ ውጭ እንደተቀረቀረ ተቆጥሮ ቀሪዎቹ ሲገቡ −6200 ፒሲኤም ይሰጣሉ እንበል፤ ኃይሉ ወደ ዜሮ ሲወርድ +1900፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ +2400፣ ዜኖኑ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ +2600 ይመለሳል። ድምሩ +700 ፒሲኤም ነው፤ ዘንጎቹ ገብተውም ሪአክተሩ ተመልሶ ክሪቲካል ያልፋል ማለት ነው። 600 ፒፒኤም (የሚሊዮን ክፍሎች) ቦሮን ቢጨመርና እያንዳንዱ ፒፒኤም 8 ፒሲኤም ቢቀንስ ሚዛኑ ወደ −4100 ይወርዳል። ቦሮኑ ከማቀዝቀዙ በፊት መግባት ያለበት ለዚህ ነው።

የዚህ ዘዴ ድክመት የስህተቶች መደራረብ ነው። የዘንጎቹ ዋጋ በ10 በመቶ ቢሳሳት ያ ብቻውን 620 ፒሲኤም ነው፤ በጥንቃቄ የሚሠሩ ባለሙያዎች የዘንጎቹን ዋጋ አስቀድመው በዚያ መጠን የሚቀንሱትም በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ የሚፈልገው ወረቀትና የታወቁ ቋሚዎችን ብቻ ነው፤ ኒውትሮን መቁጠሪያው ቢበላሽ እንኳ አይቋረጥም።

ደረጃ 4፦ ኬን በኮድ ያስሉ

ኤምሲኤንፒ፣ ሰርፐንት፣ ኬኖ ወይም ኦፕንኤምሲ በመሳሰሉ የኒውትሮኖችን ጉዞ በዘፈቀደ ናሙና በሚያስሉ የሞንቴ ካርሎ ኮዶች በደረጃ 1 የጻፉትን ሁኔታ በትክክል ይቅረጹ። ኮዱ የሚያትመው የስታቲስቲክስ ወሰን 20 ፒሲኤም ቢሆን የውጤቱ አስተማማኝነት 20 ፒሲኤም ነው ማለት አይደለም፤ የኑክሌር ዳታው ብቻ ብዙ መቶ ፒሲኤም ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። እምብርቱ (ነዳጁ ያለበት ክፍል) ሰፊ ሆኖ ክፍሎቹ እርስ በርስ በደካማው ከተሳሰሩ ደግሞ ኮዱ የፊሽን (የአተም መሰንጠቅ) ሥርጭቱ ሳይረጋ መቁጠር ሊጀምር ስለሚችል፣ የሥርጭቱን መርጋት የሚያሳየው ቁጥር፣ የሻነን ኤንትሮፒ፣ መርጋቱን ሳያዩ ውጤቱን አይውሰዱ።

ከዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነጥብ አለ። ኬ የሚሰላው የውጭ የኒውትሮን ምንጭ እንደሌለና ሥርጭቱ ራሱን እንደሚደግፍ ተደርጎ ነው። እውነተኛው የቆመ ሪአክተር ግን የሚኖረው በምንጩ ነው፤ የኒውትሮኖቹ ሥርጭትም ወደ ምንጩ ያጋድላል። ስለዚህ ምንጩን አስገብቶ የሚሠራ ስሌት የሚሰጠው የማባዛት መጠንና ከምንጩ ነጻ የሆነው ኬ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ምንጩ በእምብርቱ መሐል ከሆነ ኒውትሮኖቹ ከአማካዩ በላይ ይባዛሉ፣ ጠርዝ ላይ ከሆነ ያንሳሉ። ኬ ወደ 1 ሲጠጋ ልዩነቱ ትርጉም ያጣል፤ ወደ ጥልቁ ሲወርዱ ግን ይሰፋል።

ደረጃ 5፦ የምንጭ ማባዛት ዘዴ

በሥራ ላይ በብዛት የሚያገለግለው ይህ ነው፤ ብዙ ስህተት የሚሠራበትም እሱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ምንጩና የመቁጠሪያው ብቃት ካልተለወጡ የቆጠራው ፍጥነት ከሪአክቲቪቲው መጠን ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ሪአክቲቪቲው −2000 ፒሲኤም እንደሆነ በታወቀበት መነሻ ሁኔታ በሴኮንድ 400 ቢቆጠርና ዛሬ 100 ቢቆጠር፣ የዛሬው ሪአክቲቪቲ −8000 ፒሲኤም ነው። ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ በ1942 ታኅሣሥ 2 በአውሮጳውያን አቆጣጠር በቺካጎ የመጀመሪያውን ሪአክተር ክሪቲካል ሲያደርጉ የተመሩት በዚሁ ሐሳብ፣ ማለትም የቆጠራውን ተገላቢጦሽ በግራፍ ላይ ወደ ዜሮ እየተከተሉ ነበር።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። መነሻውን ሁኔታ ይምረጡና ሪአክቲቪቲውን በሌላ ዘዴ ይወስኑ፤ ይህ ዘዴ ብቻውን ንጽጽርን እንጂ መጠንን አይሰጥም። ከዚያ ከሁለቱም ቆጠራዎች ከፊሽን ያልመጣውን የጀርባ ቆጠራ ይቀንሱ፤ መቁጠሪያው በፍጥነት ሲቆጥር የሚያመልጠውንም ያርሙ። ለ1 በመቶ ትክክለኛነት ቢያንስ 10,000 ቆጠራ ያስፈልጋል፤ በእርግጥ ግን አንድ ሰንሰለት ብዙ ኒውትሮኖችን ስለሚወልድ መዋዠቁ እርስ በርስ ላልተያያዙ ቆጠራዎች ከሚሠራው ከቀላሉ የፖይሰን ሕግ ይበልጣልና ጥቂት ይጨምሩ። ቀጥሎ ምንጩን ወደ አንድ ቀን ያምጡ። ካሊፎርኒየም-252 ግማሽ ዕድሜው 2.65 ዓመት ስለሆነ በወር 2 በመቶ ያህል ይዳከማል፤ በአንቲሞኒና በቤሪሊየም የተሠራ ምንጭ ግን አንቲሞኒ-124 የ60 ቀን ግማሽ ዕድሜ ስላለው በየቀኑ ከ1 በመቶ በላይ ያጣል። በተቃጠለ ነዳጅ ውስጥ ራሱ ነዳጁ ምንጭ ነው፤ እዚያ ኩሪየም-242 በ163 ቀን፣ ኩሪየም-244 በ18 ዓመት ግማሽ ዕድሜ ይቀንሳሉ። ምንጩ በ10 በመቶ ከደከመና ካልታረመ ሪአክቲቪቲው ከእውነተኛው በ10 በመቶ ገደማ የጠለቀ ይመስላል፤ ይህ ስህተት የሚያዘናጋው ሰውን ወደ አደጋ አቅጣጫ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የብቃት ለውጥ ነው። ዘንግ ሲገባ፣ ቦሮን ሲጨመር ወይም ውሃው ሲሳሳ ከእምብርቱ ወጥተው መቁጠሪያው ዘንድ የሚደርሱት ኒውትሮኖች ድርሻ ይለወጣል። በ1979 ማርች 28 በሥሪ ማይል አይላንድ ሁለተኛው ሪአክተር ላይ የሆነው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሪአክተሩ ከቆመ በኋላ የኒውትሮን ቆጠራው መጨመሩን ያዩት ኦፕሬተሮች ተመልሶ ክሪቲካል እየሆነ ይሆናል ብለው ሠግተው ቦሮን አስገቡ። ቆጠራው የጨመረው ግን በእምብርቱና በመቁጠሪያው መካከል ያለው ውሃ በመጉደሉና ኒውትሮኖቹን የሚጋርድ ነገር በመሳሳቱ ነበር፤ መቁጠሪያው የነገራቸው ስለ ሪአክቲቪቲ ሳይሆን ስለ ውሃው ነበር። ውሃው መጉደሉ ደግሞ ያን ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው ወሬ ነበር።

ለዚህ መፍትሔው የተሻሻለው የምንጭ ማባዛት ዘዴ ነው። በሁለቱም ሁኔታዎች ምንጩን አስገብተው የኮድ ስሌት ይሠራሉ፣ የመቁጠሪያው ብቃትና የምንጩ ውጤታማነት ምን ያህል እንደተለወጡ ያሰላሉ፣ በዚያ ቁጥር ቀላሉን ንጽጽር ያርማሉ። ማረሚያው ከ1 በብዙ ከራቀ በዚያ መቁጠሪያ አይተማመኑ። በግራፍ የሚከተሉም መቁጠሪያውን ከምንጩ በቀጥታ በሚታይ ቦታ አያስቀምጡ፤ እንዲህ ያለ መቁጠሪያ እስከ መጨረሻው ትንሽ ብቻ ይጨምርና ክሪቲካል አጠገብ በድንገት ይንራል፣ በዚህም መስመሩ የክሪቲካል ነጥቡን ከእውነቱ አርቆ ያሳያል።

ደረጃ 6፦ ዘንግ መጣልና የተገላቢጦሽ ኪነቲክስ

ክሪቲካል ሆኖ የረጋ ሪአክተር ላይ ዘንጎቹ በአንድ ጊዜ ሲጣሉ ኒውትሮኖቹ በቅጽበት ወደ አንድ አዲስ ደረጃ ይወርዳሉ። የመነሻው ደረጃ ለአዲሱ ተካፍሎ 1 ሲቀነስለት የሪአክቲቪቲው መጠን በዶላር ይገኛል፤ በምሳሌያችን ቆጠራው ወደ አንድ ዘጠነኛ ቢወርድ −8 ዶላር ነው። ዘንጉ ለመውደቅ ጊዜ ስለሚወስድ አዲሱ ደረጃ የቱ ጋ እንደሆነ በዓይን መፍረድ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከቅጽበቱ ይልቅ ከመጣል በኋላ የተቆጠረውን ጠቅላላ ድምር መጠቀም ይሻላል፤ ወይም ከቆጠራው ለውጥ ወደ ሪአክቲቪቲው የሚመልሰውን የተገላቢጦሽ ኪነቲክስ እኩልዮሽ በየቅጽበቱ ይፍቱ።

የተገላቢጦሹ ዘዴ ክሪቲካል አጠገብ ግሩም ነው። በጥልቅ የቆመ ሪአክተር ላይ ግን ሁለት ወጥመዶች አሉበት። አንደኛው፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ቆጠራው የሚወርደው ዘግይተው ከሚወጡት ኒውትሮኖች ከሁሉ በሚዘገየው ቡድን ፍጥነት ነው፤ ይህም የ56 ሴኮንድ ያህል ግማሽ ዕድሜ ባለው ብሮሚን-87 የሚመራ 80 ሴኮንድ ገደማ የሆነ ፔሪየድ (ቆጠራው በ2.7 እጥፍ ያህል የሚቀንስበት ጊዜ) ነው። ሪአክተሩ −5 ዶላርም ሆነ −10 ዶላር ላይ ቢሆን ቁልቁለቱ አንድ ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ ያለው የመስመሩ ቅርጽ ስለ ጥልቀቱ የሚናገረው የለም። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ቆጠራው በመጨረሻ ምንጩ በሚደግፈው ደረጃ ላይ ይረጋል፤ በእኩልዮሹ ውስጥ የምንጩ ክፍል ካልገባ ደግሞ ኮምፒውተሩ የረጋን ቆጠራ የሚተረጉመው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ሪአክቲቪቲ ዜሮ። በስክሪኑ ላይ ሪአክቲቪቲው ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ሲወጣ ካዩ ከሁሉ በፊት የምንጩን ክፍል ይፈትሹ።

ደረጃ 7፦ የምት ምንጭ

በሙከራ ተቋማት ውስጥ ኒውትሮን በአጫጭር ምቶች የሚያስገባ ማመንጫ ሲኖር ይህ ዘዴ ከሁሉ የተሻለ መልስ ይሰጣል። በፈረንሳይ ካዳራሽ የተካሄደው ሙዝ የተባለ ሙከራ፣ በቤላሩስ ያሊና፣ በቤልጅየም ሞል የተሠራው ጊነቪየር በዚህ መንገድ በሰፊው ተፈትሸዋል። ምቶቹ ከቅጽበታዊ ኒውትሮኖች (ከፊሽን ጋር ወዲያው ከሚወጡት) መክሰም የረዘመ፣ ከዘገዩት መክሰም ግን በጣም ያጠረ ክፍተት ይኑራቸው፤ የዘገዩት እስኪረጉ ድረስም ብዙ ደቂቃዎች ይጠብቁ። ከዚያ የብዙ ምቶችን ቆጠራ በአንድ ላይ ይደርቡና ሁለት ስፋቶችን ይለኩ፦ ጠፍጣፋው የዘገዩት መደብ የያዘውን፣ እና ከእሱ በላይ ያለውን የቅጽበታዊዎቹን ጉብታ። የሁለተኛው ስፋት ለመጀመሪያው ሲካፈል የሪአክቲቪቲው መጠን በዶላር ይገኛል፤ 12,000 ለ1,500 ሲካፈል 8 ነው። ይህ ሸስትራንድ በ1956 ያቀረበው ዘዴ የኒውትሮኖቹን የትውልድ ጊዜ (ከአንዱ ትውልድ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈውን ጊዜ) አይጠይቅም፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው።

ከዚያው ዳታ ሌላ መልስም ይወጣል። የቅጽበታዊዎቹ መክሰም ፍጥነት ክሪቲካል ላይ ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ሪአክቲቪቲውን ይሰጣል፦ የትውልድ ጊዜው 50 ማይክሮ ሴኮንድ ቢሆን ክሪቲካል ላይ በሴኮንድ 136፣ በ−8 ዶላር ላይ ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ፣ 1224 ይሆናል። የስፋቱና የቁልቁለቱ መልሶች ካልተስማሙ የትውልድ ጊዜው ተለውጧል፣ ወይም መስመሩ አንድ ነጠላ ኤክስፖኔንሻል አይደለም ማለት ነው። ለምንጩ ቅርብ የሆነ መቁጠሪያ የቅጽበታዊውን ስፋት አግንኖ ሪአክተሩን ከእውነቱ የጠለቀ ያስመስላል፤ ስለዚህ የተለያየ ቦታ ላይ ያሉ መቁጠሪያዎችን ውጤት ለየብቻ ያስሉ እንጂ አስቀድመው አይደምሩ።

ደረጃ 8፦ የመዋዠቅ ዘዴዎች

የሮሲና የፋይንማን ዘዴዎች ማመንጫ አይፈልጉም፤ የቆጠራው መዋዠቅ ከፖይሰን ምን ያህል እንደሚበልጥ አይተው የቅጽበታዊዎቹን መክሰም ፍጥነት ያወጣሉ። ምልክቱ ግን ከጥልቀቱ ጋር በካሬ ይደክማል፦ በ−8 ዶላር ላይ ክሪቲካል አጠገብ ከነበረው በ81 እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ ከጥቂት ዶላሮች በታች ብቃት ያለው መቁጠሪያና ረጅም ሰዓት ያስፈልጋል። በአጭር የመስኮት ርዝመት የፋይንማን ትርፍ (መዋዠቁ ከፖይሰን የሚበልጥበት መጠን) ከዜሮ በታች ከወረደ መቁጠሪያው ቆጠራ እያመለጠው ነው።

ደረጃ 9፦ ውጤቶቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡ

ለእያንዳንዱ ውጤት አራት ነገር ይጻፉ፦ ቁጥሩን በዶላር፣ የስህተት ወሰኑን፣ ከኮድ የተበደረውን ግብዓት፣ እና ሪአክተሩን ወደ የትኛው አቅጣጫ አዛብቶ እንደሚያሳይ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ የንጽጽሩ ፍሬ ያለው ግን እዚያ ነው። የተሻሻለው የምንጭ ዘዴ ማረሚያውን የወሰደው ኬን ካሰላው ከዚያው ኮድና ከዚያው ዳታ ከሆነ፣ የሁለቱ መስማማት እንደ ሁለት ምስክር አይቆጠርም።

አንድ ሙሉ ምሳሌ እንሥራ። ስፋቱ −7.6 ዶላር ከ0.1 ወሰን ጋር፣ ቁልቁለቱ −8.0 ከ0.2 ጋር ሰጡ እንበል። ልዩነታቸው 0.4 ሲሆን የጋራ ወሰናቸው 0.22 ነው፤ ከእጥፍ ያነሰ ስለሆነ እንደ ግጭት አይቆጠርም። ኮዱ ኬን 0.9484 ከ0.0003 ወሰን ጋር ቢሰጥ ስታቲስቲክሱ በዶላር 0.05 ብቻ ነው፤ የዘገዩት ድርሻ 680 ከ20 ፒሲኤም ወሰን ጋር ከሆነ ግን የዶላሩ ወሰን ወደ 0.24 ያድጋል። ኮዱን ሌሊቱን ሙሉ ማስኬድ ይህን አያሳንሰውም። የምንጭ ዘዴው −8.9 ዶላር ከ0.3 ጋር ቢሰጥ ግን ከሌሎቹ በግልጽ ወጥቷል፤ ያን ጊዜ አማካይ መውሰድ ችግሩን መሸፈን ነው። መጀመሪያ የምንጩ ቀን መታረሙን፣ ቀጥሎ የጀርባ ቆጠራውን፣ ከዚያም የመነሻ ሁኔታውን ሪአክቲቪቲ ይፈትሹ፤ በመጨረሻም ስሌቱን በሌላ ቦታ ባለ መቁጠሪያ ይድገሙት። ሁለተኛው መቁጠሪያ የተለየ ቁጥር ከሰጠ ጥፋቱ የቦታ ነው፣ ተመሳሳይ ከሰጠ የምንጩ ወይም የመነሻው ነው።

የትኛውን ዘዴ የት ልጠቀም ለሚል በእኔ ፍርድ እስከ −1 ዶላር ድረስ የተገላቢጦሽ ኪነቲክስና የመዋዠቅ ዘዴዎች ይበቃሉ፤ ከዚያ እስከ −10 ዶላር ማመንጫ ካለ የምት ምንጭ፣ ከሌለ የተሻሻለው የምንጭ ዘዴ ይመረጣል። ኬ ከ0.9 በታች ሲወርድ ዋናው መልስ የተረጋገጠ የኮድ ስሌት ነው፤ ቆጠራው እዚያ የሚያገለግለው ለውጥን ለመከታተል ነው። ለደኅንነት ውሳኔ የሚተላለፈው ቁጥር ደግሞ አማካዩ ሳይሆን ለዜሮ የሚቀርበው የወሰኑ ጫፍ ነው፤ ከቁጥሩም ጋር የቦሮኑ መጠን፣ የውሃው ሙቀት፣ የዘንጎቹ አቀማመጥና ሪአክተሩ ከቆመ ያለፈው ሰዓት አብረው ይጻፉ።